ብርቱካን ለፈረንጇ አሮጊት

መርሳ፣ ሰኔ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ መቀሌ ለምትገኚው ለእህቴ ልጅ፣ ለጥርሰ ፍንጭቷ ሓበን፤

እንደምን ከረምሽ ልልሽ ነበር፤ ሳስበው ክረምቱ ሊደገም ነው። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ይህ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሁለቱ ይድረሱሽ አይድረሱሽ አላውቅም። ደብዳቤውን የሚያደርሱት የእርዳታ ድርጅት ሰዎች «ስለ ቤተሰብ እንጂ ስለ ጦርነቱ አትጻፍ፣ እኛም እናነበዋለን» ብለውኛል። አንባቢው ሆይ፣ እንደምን ዋልክ? ይህቺ ልጅ በአምስት ዓመቷ የአጎቷን ካቻቢቴ ጉድጓድ የከተተች ናት፤ ስታገኛት ቆንጥጥልኝ።

እናትሽ የሺ ደህና ናት። እኔም ከቀኝ ትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ። እንዳልነግርሽ እናትሽ ለምናኝ ነበር። ምን እንደመታኝ መጻፍ ስለማይፈቀድ አንቺው ገምቺ፤ ዲሽ ስሰቅል ከጣሪያ አልወደቅሁም። እጄ ከደረቴ በላይ አልነሣ ብሎ፣ እስከ ሚያዝያ የሰው ዲሽ ከመሬት ሆኜ ስተች ከረምኩ።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ወልድያ እመላለሳለሁ። ሂሩት የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች፤ እድሜዋ እንዳንቺ፣ ቁጣዋም እንዳንቺ። በቀደም ዓይንን ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን፣ ውስጡ እንደ ቴሌቪዥን ምስል የሚያሳይ ትልቅ መነጽር አጠለቀችልኝ። ልጄ፣ ክፍሉ ድራሹ ጠፋ! የብርቱካን እርሻ መሀል ቆሜያለሁ። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ቅርጫት ይዛ ፊቴ ተገትራለች።

«ብርቱካኑን እየቀጠፉ ለሴትዮዋ ይስጡ» አለችኝ ሂሩት።

«የመርሳን ሰው ብርቱካን ለማሳየት ነው ወልድያ ድረስ ያመላለስሽኝ?»

«ጋሼ ይርጋ፣ ቀልዱን ይተዉና እጅዎን ያንሡ። ካመመዎት በግራው ይጀምሩ።»

«ለእናቴ እኩያ በግራ? ልታሰድቢኝ ነው?»

ለትልቅ ሰው እንደሚሰጠው የቀኝ ክርኔን በግራ እጄ ደግፌ፣ ዝቅ ብዬ ዘረጋሁ። ዝቅታዬ በዝቶ ኖሮ ግንባሬ ከግድግዳው ጋር ተሳሳመ። ሂሩት በሳቅ ሞተች። «እንዲህ ደግፈው ያንሡ እያልኩ ሁለት ወር ሙሉ የለመንኩዎት እኮ ይህንኑ ነው!»

አሮጊቷ ደግሞ አትጠግብም። አንድ በሰጠኋት ቁጥር ቅርጫቷን ከፍ ታደርጋለች፤ ምስጋና የሚባል አልፈጠረባትም። ላቤ ተንጠፈጠፈ። በአሥራ ሁለተኛው ብርቱካን «እጅዎ ትከሻዎ ጋ ደረሰ!» ብላ ሂሩት ጮኸች።

መነጽሩን ልታወልቅልኝ ስትል «ቆዪማ» አልኳት። ዞር አልኩ፤ ወደ ቆቦ፣ ወደ አላማጣ፣ ወዳንቺ በኩል። ዛፍ ብቻ ነው።

«ምን ጠፋብዎት?»

«መንገዱ» አልኳት። «መቀሌ የሚወስደው።»

ሂሩት መነጽሩን ቶሎ አላወለቀችልኝም።

እናትሽ በየቀኑ ትደውልልሻለች። ከስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት «ማግኘት አልተቻለም» ስትላት፣ «እሺ የኔ እመቤት፣ ነገ» ብላ ትዘጋለች። እኔ እንደሷ ትዕግሥት የለኝም። አንድ መስመር ጻፊልኝ። ሰላምታ ባይሆን ስድብ ይሁን፤ «አጎቴ፣ ቀልድህ አያስቅም» በይኝ። ያንቺ የእጅ ጽሑፍ ይሁን እንጂ ምንም ይሁን።

እመቤቴ በምትወጪበት ትቅደምሽ፣ በምትገቢበት ትከተልሽ። ክፉ ወሬሽን አያሰማኝ።

ቀልደኛው አጎትሽ፣
ይርጋ