የአንኮበር ፈጪዎችና የአባ ወልደተንሣኤ ግዝት

ወንድሜ ገብረአብ፣ ወረቀቷ ጠባብ ናትና ከአንኮበር የማወራህ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ያረፍኩት አዛዥ ኃይለ ገብርኤል ቤት ነው። ከነገ ወዲያ ልጁን ይድራል፤ ዱቄት ግን የለም። ወፍጮ ቤቱ ስለሚያፈስ ስምንቱ ፈጪዎች ሥራ አቁመው ደጅ ተቀምጠዋል። "ክዳኑ ካልታደሰ አንፈጭም" አሉ። አዛዡ ተቆጣ፣ ለመነ፣ በመጨረሻ የነፍስ አባቱን አባ ወልደተንሣኤን አስጠራ።

አባ መስቀላቸውን አወጡ። "እምቢ ስላላችሁ ገዝቻችኋለሁ፤ እጃችሁ የነካውን የበላ ሁሉ ከእናንተ ጋር የተገዘተ ይሁን።"

እኛ አገር፣ ሰላ ድንጋይ፣ ይህን ብንሰማ መሬት እንስም ነበር። አልታየች የምትባለው ፈጪ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

"ይሁን አባቴ። እንግዲህ ብንፈጭስ ማን ይበላልናል?"

አዛዡ ወደ አባ ዞረ። "አባ፣ ሠርጌን ገዘቱት እኮ።"

"ይፈታል፣ አሁኑኑ ይፈታል" አሉ አባ።

"መጀመሪያ ክዳኑ" አለች አልታየች። "እስከዚያ ግዝታችን ይቆይልን፤ ዕረፍት ሆኖልናል።"

ይህን ስጽፍልህ የአዛዡ ወታደሮች ጣሪያው ላይ ወጥተው ይከድናሉ፤ አባ ከታች ሣር ያቀብላሉ። አልታየች እንደተቀመጠች "በግራ በኩል ገና ሰማይ ይታያል፣ አባቴ" ትላቸዋለች። እኔ እንግዳው እንጀራ እስኪገኝ ቆሎ እቆረጥማለሁ።

ቦታው አለቀ። ለባለቤትህ ለለተጊዮርጊስ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የእናንተም ወፍጮ ቤት ያፈስ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ እሷ ሳትቀመጥ ክደነው።

ወዳጅህ ክንፉ