የቀይዋ መኪና ስርጉድ በር

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚነዝርህ ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለቤትህና ልጅህስ ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ሰው ሁሉ «ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም» ብሎ ይጽፋል፤ እኔ ግን አልዋሽህም፣ ናፍቆትህም አለ፣ የመንጋጋ ጥርሴም ያመኛል፣ ጣራውም ያፈሳል። ደግነቱ የሚያፈሰው በጓዳው በኩል እንጂ በመኪናዋ በኩል አይደለም።

መኪናዋ ከመቼ ወዲህ ቤት ውስጥ ገባች ትል ይሆናል። ያስገባሃትማ አንተ ነህ። እንዲህ ያለች አሮጌ የስፖርት መኪና ዛሬ እንደ ወርቅ የምትቀመጥ ሀብት ናት፣ ሰብሳቢዎች ይሻሙባታል፣ በቆየች ቁጥር ዋጋዋ ይጨምራል፣ ፀሐይ አያግኛት፣ አቧራ አይንካት፣ አትንዷት ብለህ አልነበር የጻፍክልን? አባባ ደብዳቤህን ደጋግሞ አስነበበኝና በማግስቱ ግንበኛውን ጠራው። የሳሎኑን የጎን ግድግዳ አስፈርሶ መኪናዋን አስገባት፤ ከዚያ ግድግዳውን እንደነበረ መልሶ አስገነባው። ሶፋው አሁን በረንዳ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከመኪናዋ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም አልቀረባትም፣ ኮፈኑ ላይ የሚነጠፍ ዳንቴል ሠርታ አምጥታለች። ታዲያ በኋላ በየት በኩል ልትወጣ ነው ብዬ ብጠይቀው «እሱን ያኔ እናያለን» አለኝ። እርጅና ነው ብዬ በሆዴ ያዝኩት።

መጀመሪያ ወደ ግቢያችን ተጎትታ የገባችበት ቀን ትዝ ይልሃል? ከላይ እስከ ታች ዝገት ነበረች፤ ወንበሯ ውስጥ ድመት ወልዳለች። እማዬ በሩ ላይ ቆማ «የሰው መኪና ሲቀጠቅጥ መዋሉ አንሶት ጭራሽ ቁርጥራጩን ቤቴ አመጣው» ስትል ነበር። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ አንተና አባባ ከመኪናዋ ሥር አትወጡም። እኔ ውኃ እያቀረብኩ፣ አንተ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግክ፣ እሱ ደግሞ ዓይንህን ጨፍነህ ብረቱን በመዳፍህ ዳስሰው ይልሃል። ዓይን ያባብላል፣ እጅ ግን አያባብልም የሚላት ነገር ነበረችው። ለስልሷል ስትለው እሱ ዳስሶ «ገና ነው» ሲልህ ኩርፊያህ! በኋላ እጅህ ከሱ እጅ እንደበለጠ ለእማዬ በሹክሹክታ ሲነግራት ሰምቻለሁ። ላንተ ግን አንድ ቀን አልነገረህም፣ ያው ታውቀዋለህ። ያ ቀይ ቀለም ያለበት ውኃ በግቢው ሲወርድ ዛሬም ይታየኛል። ያን ጊዜ ደስተኞች እንደነበርን አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሊገዛት ያሰበው ሰብሳቢ ከመምጣቱ በፊት በተሳፋሪው በኩል ያለው በር ላይ ያለችው ስርጉድ ትቃና፣ ለአባባ የግማሽ ቀን ሥራ ናት ብለህ ልከህ ነበር። ነገርኩት። እሺ ብሎ መዶሻውን ይዞ ገባ። ረፋዱ አለፈ፣ የመዶሻ ድምፅ የለም። ብገባ በሩ ሥር ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፉን ስርጉዷ ላይ አሳርፏል። አይቃናም ወይ ብዬ ብጠይቀው «ይቃናል» አለና መዶሻውን ወደ ሳጥኑ መለሰ። እኔም ተናደድኩ። አንተ እዚያ ማዶ ለኛ ስትለፋ እሱ ይንቀባረራል አልኩ።

ሰብሳቢው ባለፈው ሳምንት መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ይዞት የመጣው ገማች ቀለሙን በትንሽ መሣሪያ እየለካ ዞራት፤ ሞተሯም፣ ወንበሯም፣ መሪዋም ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት እንደሆነ አይቶ ወደዳት። ሰብሳቢው እንዲህ ያለች ለገንዘብ ማስቀመጫ ከቤት ትበልጣለች አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ይህን ሁሉ ያሳመረ እጅ ይቺን ለምን ተዋት ብሎ አባባን ጠየቀው። አባባም ነገረው። ለኔ ነግሮኝ የማያውቀውን ነገር ከእንግዳ ጋር እኩል ሰማሁት።

አንተ የሄድክ ቀን ነው። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ ስለምትይዝ የሸኘህ አባባ ብቻውን ነበር። እማዬ ስታለቅስ እንዳታያት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ነበርና በርህን የዘጋችው በዳሌዋ ገፍታ ነው። ብረቱ ሰረጎደ። አንተ ወደ ፊት እያየህ ነበር። አባባ አድርሶህ ሲመለስ ሊያቃናው መዶሻውን አነሳ፤ እሷ ግን «ተወው፣ ልጄ ሲመለስ ራሱ ያቃናዋል» አለችው። ዳግም ሳታይህ እስከሞተችበት ቀን ድረስ ያንን በር በጨርቅ የምትወለውለው እሷ ነበረች። እኔ የጽዳት አባዜዋ ነው ስል ኖርኩ።

ሰብሳቢው እሱም መዳፉን ስርጉዷ ላይ አሳረፈ። «እኔ የምገዛው ሥራዋ ያለቀላትን ነው፤ ይቺ ገና አላለቀችም። ልጅዎ ሲጨርሳት ያስጠሩኝ» ብሎ ሄደ። ገማቹ ግራ ገብቶት ለመሆኑ መውጫዋ በየት ነው ቢል፣ አባባ ግድግዳውን የሚያፈርሰው በሩን የሚያቃናው ነው አለው። ያን ጊዜ እርጅና እንዳልነበረ ገባኝ።

ወንድሜ፣ አትሽጣት አላልኩህም። ሽያጩ ያንተና የአባባ ጉዳይ ነው። መኪናዋ በቆየች ቁጥር ዋጋዋ ይጨምራል ያልከውም እውነትህን ነው፣ ሰውየውም ይህንኑ ነው ያለው። አባባ ግን እንደሷ አይደለም። ወንበሯ ላይ ሲቀመጥ ደግፌ አስቀምጠዋለሁ፣ ሲነሳም ስቤ አነሳዋለሁ፤ በየወሩ እየቀለለኝ ነው። መዶሻውን ዘይት ቀብቶ በተሳፋሪው ወንበር ላይ አስቀምጦልሃል።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፣ ልጅህን ጉንጩን ሳምልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ ሶፋው ስለናፈቀው ቶሎ ና ይልሃል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችንም ዳንቴሏን አይተህ እንድትፈርድ ትጠብቅሃለች። አባባን ምን ልበልልህ ብዬ ጠየቅኩት። ወረቀቱን ተቀብሎኝ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚያ «ገና ነው። ግን ላኪው» አለኝ።

የምትወድህ እህትህ
ከቤታችን ሳሎን፣ ከመኪናዋ ጎን
ግንቦት 12 ቀን