የዋንዛው ውታፍ

ካዛንቺስ፣ ጥር 19 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐሴት
ዝዋይ

አንቺንም በሆድሽ ያለውንም አምላክ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅልኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ ደህና ነኝ እልሽ ነበር፤ ዛሬ አልልሽም። ፈርቻለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ጀምሬ፣ ሁለቴም ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁ።

"የመጀመሪያ ልጄን የምወልደው እናቴ ቤት ነው" ካልሽኝ ጀምሮ፣ እናትሽ የሌለችበትን ቤት የእናት ቤት ላስመስለው እየታገልኩ ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ አጸደ ገንፎውን ለእኔ ተውት ብላለች። አልጋውን እኔው ሠርቻለሁ። የቀረው አንቺን ማምጣት ነው። አውቶቡሱ እንዳያንገላታሽ በፒካፗ መጥቼ እወስድሻለሁ ያልኩሽም ለዚሁ ነው።

ሰኞ ዕለት ልሞክራት ብዬ ወደ ዱከም ወጣሁ። ከተማ ውስጥ እንደምታውቂያት ናት፤ ቁም ሣጥን ተሸክማ ዳገት ስትወጣ አታማርርም። ቃሊቲን አልፌ ሰማንያ ላይ ትንሽ እንደ ነዳሁ ግን ጉልበቷ ከዳት። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ እሷ ትቀንሳለች። ሰባ፣ ሃምሳ፣ ሠላሳ። ከኋላዬ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ መጣ። እንደ ምንም ወደ ጠርዙ ጠጠር ስወጣ፣ ሲያልፍ ነፋሱ መኪናዋን ናጣት። አጠገቤ የተቀመጥሽው አንቺ ብትሆኚስ እያልኩ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ዳዊት ስደግም ቆይቼ ቁልፉን ባዞረው፣ ምንም እንዳልነካት ተነሣች። ይሄኛው ደግሞ ይብስ አስፈራኝ።

መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ንስሐ አባቴ ነው። በደሌ ነው የያዘኝ አልኳቸው። ሰምተው ሰምተው፣ "ኃጢአትህ ቃሊቲን ስታልፍ ብቻ ነው እንዴ የሚይዝህ? ሂድ ለመካኒክ አሳያት" አሉኝ።

ቄራ ጋራዥ ያለው ሱሌማን የናፍጣ ፊልትሮውን ቀየረ። ትናንት ከጁምዓ መልስ አብረን ወጣን፣ እሱ እየነዳ። እዚያው አካባቢ ስትደርስ ደከመች። ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ጆሮውን ወደ ጎኗ አስጠጋና የነዳጅ ታንከሩን ውታፍ ነቀለ። አየር ሽው ብሎ ሲገባ ከወንበሬ ሆኜ ሰማሁት። ወዲያው የሞተሩ ድምፅ ተስተካከለ። የታንከሩን አፍ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ነዳት፤ ዘጠና ገባች።

"ጋሼ፣ ይሄን ቡሽ ማን ነው የሠራልዎት?"

"እኔ ነኛ። ክዳኑን ሌባ ቢወስደው ከዋንዛ ጠርቤ፣ ላስቲክ አልብሼ። ጠብታ ውኃ አያስገባም።"

"አየርም አያስገባም እኮ። ናፍጣው ሲቀንስ በቦታው አየር ካልገባ ፖምፓው ምን ይሳብ? ከተማ ውስጥ ትንሽ ስለምትጠጣ፣ ቶሎ ቶሎም ስለምትቆም አያስታውቅም። ረጅም መንገድ ላይ ነው የምትታነቀው። በቃ አናጢነት በዛባት።" ሳቀ። እኔም ልስቅ አልኩ። "ለመሆኑ ከመቼ ጀምሮ ነው የወተፏት?" አለኝ።

ለአንቺ ልመልስ።

ክዳኑ የተሰረቀው ከአራት ዓመት በፊት፣ በቡሄ ሰሞን ነው፤ ውታፉንም ያኔውኑ ጠርቤ ገጠምኩላት። በሳምንቱ እናትሽ ደብረ ዘይት እኅቷ ቤት ሳለች ሆዷን አሟት ጠናባት ተብዬ ላመጣት ሄድኩ። ስንመለስ ዱከም ላይ መኪናዋ ደከመች። ቆምን። ትንሽ ሄድን፤ ደግሞ ቆምን። የሻረግ ሆዷን ይዛ፣ "አትጨነቅ፣ ቀስ በል" ትለኝ ነበር። ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ብትደርሱ ኖሮ አለኝ። ለአንቺ ግን ቀኗ ደርሶ ነው አልኩሽ። ለራሴም እንደዚያው አልኩት፤ አራት ዓመት ሙሉ በጸሎቴ ፈጣሪን ለምን እያልኩ ስወቅሰው ኖርኩ። ከዚያ ወዲህ እስከ ሰኞ ድረስ መኪናዋን ከከተማ አላወጣኋትም። ውታፉን ግን ላየው ሰው ሁሉ እንዴት እንደ ገጠመ እያሳየሁ እኮራበት ነበር።

ሱሌማን ትክክለኛውን ክዳን ገጥሞላታል። ዛሬ ጧት ደብረ ዘይት ደርሶ ተመልሷል፤ መኪናዋ ድናለች። እኔ ግን ሰማንያ የሚለውን ቁጥር ሳይ እግሬን ከነዳጁ አነሣለሁ። ስለዚህ የካቲት 3 ቅዳሜ እሱ ሊነዳ፣ እኔ ከጎንሽ ልቀመጥ ተስማምተናል።

ይህን አንብበሽ፣ "አባዬ፣ አንተ አትምጣ" ካልሽ፣ ባልሽ ሊካሳ በአውቶቡስ ያምጣሽ። አልቀየምም። ቤቱ የእናትሽ ነው፤ ፊቴን ማየት ከከበደሽ እስክትጠነክሪ ድረስ ወይዘሮ አጸደ ጓሮ ያለችውን ክፍል ትሰጠኛለች። ሳታውቂ አጠገቤ እንድትሳፈሪ ግን ሕሊናዬ እንቢ አለኝ።

ከእናቱ ጋር ከፈላው ውኃ የወጣው ሕፃኑ ቂርቆስ አንቺንና ልጅሽን ያውጣችሁ።

ከማክሰኞ ጀምሮ ፖስታ ቤት እየሄድኩ መልስሽን እጠይቃለሁ።

አባትሽ
ወልደአማኑኤል