ጄፕታኑይ የቆጠረችው

ለእህቴ ለጄሮቲች፣ ሞምባሳ

የባሕሩ ሙቀት ካልጎዳሽ፣ ልጆችሽም ደህና ከሆኑ ደስታዬ ነው። እኛ ኤልዶሬት ደህና ነን፤ ላሞቹም ይታለባሉ።

የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎቼ ዘንድሮም አታከቱኝ። ሁሉም ሯጭ ነኝ ባይ ነው፤ የልብ ምት በትክክል የሚቆጥር ግን የለም። ማክሰኞ ሜዳውን አንድ ዙር ሮጬ እጄን ዘረጋሁና "ቁጠሩ!" አልኳቸው። ጄፕታኑይ የምትባል፣ ከኢቴን ከተማ የመጣች ልጅ የእጄን አንጓ ይዛ ቆየች።

"መምህር፣ ምትዎ አንዳንዴ ይዘላል።"

"የሚዘለው ቆጠራሽ ነው! ድገሚ።"

ደገመች። "አሁንም ዘለለ።"

"የመምህር ልብም ከክፍል መቅረት ጀመረ!" አለ ኪሞሶፕ ከኋላ። ተሳሳቁ።

ለጄፕታኑይ ዜሮ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ ቢሮዬን ዘግቼ ራሴ ስቆጥር ሰነበትኩ። ትናንት ዜሮውን ሰርዤ ሙሉ ውጤት ጻፍኩላት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ያኔ ናይሮቢ ተማሪ ነበርኩ፤ አባታችንን ያስታመምሽው አንቺ ነሽ። ከወንዝ ሲመለስ ዳገቱ መሀል ቆም ማለት የጀመረው፣ ከመሞቱ ስንት ወር ቀደም ብሎ ነበር? ለትምህርት ነው የምፈልገው።

ዝናቡ ጥሩ ነው። በቆሎው ሲደርስ ነዪ፤ ቀደም ብለሽ ብትመጪም አይከፋኝም።

ሰላምሽን የሚመኘው ወንድምሽ፣
ኪቢዎት