በርሜሎቹን ሆስፒታላችን ግቢ ስላስቀመጡልን

ለክቡር የከተማው ጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎን፣ በተለይም የሁለቱን ኩላሊቶችዎን ደህንነት አጥብቄ እመኛለሁ። እኔ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ የምሰፋ ሰው ነኝ፤ የባለቤቴ ሕይወት ደግሞ የተንጠለጠለው ደሟን እያወጣ በሚያጥብላት ማሽንና በፕላስቲክ ቱቦዎቹ ላይ ነበር።

ፕላስቲክ የሚበላ ተህዋስ አስመጥተው የቆሻሻውን ክምር ሲያጠፉልን እልል ካሉት አንዱ ነኝ። ፌስታሉ ጠፋ፣ ቦዩ ተከፈተ፣ እርስዎም ተሸለሙ፤ እሰየው! ሆኖም ጥቂት ነገሮች ስለከነከኑኝ፣ ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

፩. ተህዋሱ ያለበትን ፈሳሽ በፕላስቲክ በርሜል ማስቀመጥዎን ስሰማ የምቀኛ ወሬ መስሎኝ ነበር። ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ድሮም የታወቀ ነው፤ ጅቡን ራሱን በሥጋ ገመድ አስሮ ማሳደር ግን የእርስዎ ፈጠራ ስለሆነ እንኳን ደስ አለዎ።

፪. መጋዘን ስለሌለዎ በርሜሎቹ ለጊዜው በሆስፒታሉ ግቢ፣ ከሕክምና ዕቃ ክፍሉ ጎን እንዲቆዩ ማዘዝዎም ያስመሰግናል። በርሜሎቹ ተበስተው ፈሳሹ በበሩ ሥር ሲገባ የእኔ ገበያ ደራ፤ የነርሶቹ የጋውን ቁልፍ እየሟሟ ስለሚረግፍ፣ ደረታቸውን በእጃቸው ይዘው እየመጡ ያስተክሉኝ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

፫. ቱቦ ግን እንደ ቁልፍ አይተከልም። የማሽኑ ቱቦዎች ከነማሸጊያቸው ለስልሰው እንደ ማስቲካ ይሳቡ ጀመር፤ ነርሷ አንዱን ብታነሳ እጇ ላይ ተበጠሰ፣ ሌላውም እንዲሁ። ሐኪሙ ጽሕፈት ቤትዎ ቢደውል፣ ተህዋሱ ከቆሻሻ ፕላስቲክ በቀር ንጹሑን እንዳይነካ በመመሪያ መከልከሉን ገልጸውለታል። ምናልባት መመሪያውን ያነበበለት ሰው አልነበረም ይሆናል። ባለቤቴ ፊቷና እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ ነገ ቱቦ ይመጣ እንደሆነ በጠየቀችኝ ቁጥር አዎን ስላት ሰነበትኩ። ቱቦው ሳይመጣ እሷ ሄደች። አንጀቴ አሯል፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን የምጽፍበት ጨዋ ቃል አጣሁ።

፬. አጣሪ ኮሚቴ ማቋቋምዎን ከሬዲዮ ሰማሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል፣ የእኛ ጅብ መቼ ሄደ? በርሜሎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። ከባለቤቴ አልጋ ጎን ይተኙ የነበሩት እናት ልጆቻቸው ከሌላ ከተማ ለምነው ባመጡት ቱቦ እየታጠቡ ነው፤ እሱም መለስለስ ጀምሯል። ስለዚህ ኮሚቴው የመጀመሪያውን ሻይ ከመጠጣቱ በፊት በርሜሎቹን እንዲያነሱልን እግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

ንጹሕ ከተማ ስለሰጡን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣ የሸሚዝዎ ቁልፍ ቢረግፍ በነጻ ለመትከል ዝግጁ የሆንኩ አክባሪዎ፣

ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለቀብሩ የላኩት የፕላስቲክ የአበባ ጉንጉን ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥልን። ተህዋስዎ መቃብሩም ድረስ ስለዘለቀ አበባው ተበልቶ አልቋል፤ የቀረው ሽቦው ብቻ ነው። በርሜሎቹን የማያነሱ ከሆነ ለእኚያ እናት ጉንጉን ስለሚያስፈልግዎ፣ ሽቦውን አጥቤ አስቀምጬልዎታለሁ።