የተስፋዓለም ፎቶ በጉባኤ

ሮብ ገበያ፣ የካቲት 2002 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አድርጎዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሮብ ገበያም እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ተቀምጣለች። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። እርስዎ ስልክ ሲያናግሩ ድምፅዎ እስከ ገበያው ስለሚሰማ፣ የእኔ ጉዳይ ደግሞ ገና ገበያ የሚወጣ ስላልሆነ ነው። ባለፈው ደውዬ «ስለዚያ ነገር ምን አሰቡ?» ብልዎ፣ «ስለ ማግባትሽ ነው?» ብለው የጮኹትን ደብረ ወርቅ በሙሉ ሰምቶታል። በማግስቱ ሁለት ጎረቤቶች «እንኳን ደስ ያለዎ» ሊሉ መጥተው እንደነበር ሰምቻለሁ። ስለዚህ በጽሑፍ እናውራ። እርስዎም ቢሆን ከሚነገረው ይልቅ የሚጻፈውን የሚያምኑ ሰው ነዎት።

ነገሩን ያበላሸችው ያች ካሜራዬ ናት። ካቻምና ለሥልጠና ደብረ ማርቆስ ወርጄ የገዛኋትን ያስታውሷታል፤ ለመስቀል ይዣት ስመጣ «ይህች የሳሙና ማስቀመጫ ምንድን ናት?» ብለውኝ ነበር። እውነትም የሳሙና ማስቀመጫ ትመስላለች። ሱቁ ውስጥ ከነበሩት ዲጂታል ካሜራዎች ሁሉ ርካሿ እሷ ነበረች፤ ባለ ሱቁ እንኳ ሲሸጥልኝ ትንሽ አፈር ብሎ ነው። ሁለት ባትሪ ድንጋይ ትጎርሳለች፤ ጎርሳም አትጠግብም። የሮብ ገበያ ድንጋይ ከሆነማ ጥቂት አንስታ «ቢፕ» ትልና ትተኛለች። አውጥቼ በብብቴ ሳሞቀው አንድ ሁለት ትጨምርልኛለች፤ ብርድ አትወድም። ብርድ የማይወድ ነገር ከጮቄ ተራራ ሥር ምን ሊያደርግ እንደመጣ አላውቅም።

ግን እወዳታለሁ። ከጤና ጣቢያው ስወጣ ያገኘሁትን ሁሉ አነሳባታለሁ፤ የገብስ ክምር፣ ወንበር ላይ የተኛ ዘበኛ፣ ልጇን ልታስከትብ መጥታ መርፌውን ስታይ ከልጇ በፊት ያለቀሰች እናት። አስቸጋሪው «አንሺኝ» ብሎ የሚቆመው ሰው ነው። ገና ካሜራዋን ሳነሳ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እንጨት ይሆናል። አንስቼ በጀርባዋ በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት ሳሳየው ነው ተመልሶ ሰው የሚሆነው።

ታዲያ እርስዎ ጥቅምት ላይ በአክስቴ በሙላቷ በኩል «ያላየሁትን ሰው እንዴት ብዬ እሺ ልበል? እኔን ጉልበቴ አያስኬደኝ፣ እሱም ሽማግሌ ሳይልክ ደጄን አይረግጥ፤ በይ መልኩን ላኪልኝ» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ከዚህ የቀለለ ምን አለ? ካሜራው አለ፤ ሰውዬውም አለ።

ተስፋዓለም በወሬ እንደደረሰዎት የሁለተኛ ደረጃው የፊዚክስ መምህር ነው፤ የአሰላ ልጅ ነው። ካወቅሁት ሁለት ዓመት ሆነኝ። ክፍል ውስጥ ሲስቅ ከጎኑ ያለው አስተማሪ ማስተማሩን ያቋርጣል። ካሜራ ሲያይ ግን ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ይሆናል።

የመጀመሪያውን ፎቶ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ አነሳሁት። እግሩ ካልታየ «ግማሽ ሰው ላከችልኝ» እንደሚሉ ስለማውቅ፣ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ላስገባው ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ አሁንም ሄድኩ፤ አጥሩ ሲይዘኝ ገባልኝ። ማርቆስ ወርጄ አሳጠብኩትና እንድታደርስልዎ ለአክስቴ ሰጠኋት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ መቼም ታላቅ እህትዎ ናትና፣ አንድ ቃል ሳታስቀር አጫውታኛለች። እኔ ለብቻዎ ያዩታል ብዬ ነበር። እርስዎ ለካ መነጽርዎን አድርገው፣ ወዳጅዎን መሪጌታ ደምለውን አስጠርተው፣ ተማሪዎቹን ሰብስበው ጉባኤ ዘርግተውበታል! የሐዲሳት ጉባኤ በሚዘረጋበት ቦታ የእኔ እጮኛ ተዘረጋ።

«መጀመሪያ ያዩት አህያውን ነው» አለችኝ አክስቴ።

«የምን አህያ?»

«ከጎኑ የቆመው ነዋ! እንዲያውም ከልጁ ይልቅ እሱ ጥሩ ወጥቷል።»

እግሩን አስገባለሁ ስል አህያ ማስገባቴን ልብ አላልኩም። እርስዎ ደግሞ ለተማሪዎችዎ ሁልጊዜ እንደሚሉት፣ በገጹ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። አህያውም ምክንያት አለው። «አንድም አህያው የእሱ ነው፤ መምህር ነኝ ይላል እንጂ ነጋዴ ነው። አንድም አህያው የሰው ነው፤ ባለ ሀብት ለመምሰል ተጠግቶ ቆመ። አንድም መንገደኛ ነው፤ ጭኖ ሊሄድ ነው» ብለው አራቀቁት። መሪጌታ ደምለውም በበኩላቸው «አህያው ፊቱን ያዞረው ከእሱ ነው፤ እንስሳ ያውቃል» ብለው ደመደሙ። ተስፋዓለም የገብስ ቅንጣት ስላከለ ስለ መልኩ የተናገረ ሰው አልነበረም።

አባቴ፣ አህያው የወፍጮ ቤቱ ነው። እዚያ የሚቆመው ግድግዳው ስለሚሞቀው ነው።

ለሁለተኛው ተጠግቼ አነሳሁት። ጉም ወርዶ ቤቱ ጨልሞ ስለነበር የካሜራዋ ፍላሽ በራሱ ጊዜ ቦግ አለ። ተስፋዓለም ዓይኑን እንዳፈጠጠ ቀረ፤ ብርሃኑ ገብቶበት ሁለቱም ዓይኖቹ ፍም መሰሉ። በትንሿ መስኮት አልታየኝም ነበር፤ ታጥቦ ሲመጣ እኔም ደነገጥኩ። ምን ላድርግ? አክስቴ ማርቆስ መናኸሪያ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ «በይ ቶሎ በይ፣ ሊሄድ ነው» እያለች በመስኮት እጇን ዘርግታለች። ያንኑ ሰጠኋት።

«አንድም ጠጪ ነው» አሉ። «አንድም ቁጡ ነው። አንድም ሕመምተኛ ነው፤ ልጄ ነርስ ናትና ለመድኃኒቱ ብሎ ቀረባት።» እውነቱን ልንገርዎና በሦስተኛው ብዙም አልሳቱም። የተዋወቅነው ጥርሱን አሞት ጉንጩን በሻርፕ አስሮ ጤና ጣቢያ የመጣ ዕለት ነው። ደግሞ ይህኛው ፎቶ ደረቱ ላይ ስለሚያበቃ ከተማሪዎቹ አንዱ «የኔታ፣ እግሩስ?» ብሎ ጠየቀ አሉ።

«ባለፈው ነበረው» አሉ መሪጌታ ደምለው።

«ባለፈው የነበረው አሁን ለምን ተደበቀ?» አሉ እርስዎ፤ እሱም ራሱን የቻለ ሐተታ ሆኖ እስከ ምሳ ቆየ።

ሦስተኛው ላይ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ማርቆስ ለአንድ ፎቶ ቤት ባለቤት ያንኑ ቀይ ዓይን ሰጥቼ «ዓይኑን ብቻ አጥቁርልኝ» አልኩት። «ጣጣ የለውም እኅቴ፣ በኮምፒውተር አሳምረዋለሁ» አለኝ። አሳመረው! ዓይኑን አጠቆረ። አልበቃው ብሎ የተስፋዓለምን ሹራብ አውልቆ ሙሉ ልብስና ቀይ ከረቫት አለበሰው። ከኋላው የነበረውን የጭቃ ግድግዳ አንስቶ ፏፏቴ፣ ቀይ ጣሪያ ያለው ባለ ፎቅ ቤትና ውሃ ላይ የሚዋኙ ሁለት ነጭ ዳክዬዎች አስገባለት።

«ዳክዬውን ማን አዘዘህ?» ብዬ ብጠይቀው፣

«እሱ በነጻ ነው» አለኝ።

ልቀደው ስል አክስቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። «እንዲህ ያለ ሙሽራ እያለሽ ነው ያንን ፍጥጥ ያለ ሰውዬ ስትልኪ የከረምሽው?» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ለተስፋዓለም ስነግረው «ዳክዬዎቹ ከገቡልኝማ አልቋል» ብሎ ጎረቤት እስኪሰማ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እርስዎ እንዴት እንደሚያነቡት እያሰብኩ ስጨነቅ ሰነበትኩ።

አክስቴ ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ልክ አልነበረም። ተማሪዎቹ በሙሉ ልብሱ ተደንቀው እንደነበር፣ መሪጌታ ደምለው ዳክዬዎቹን አይተው «እነዚህ የሚበሉ ናቸው?» ብለው እንደጠየቁ ነገረችኝ። እርስዎ ግን በዚህ ጊዜ «አንድም» አላሉም። ብዙ አይተው አይተው «ይህ የእኛ አገር አይደለም» አሉ። ከዚያ መነጽርዎን አወለቁ፣ ፎቶውን ገልብጠው መጽሐፉ ላይ አስቀመጡት፣ «ሊያርቅብኝ ነው» አሉና ተማሪዎቹን አሰናበቷቸው።

«ልጄ፣ ነገሩ የሰውዬው መልክ አይደለም» አለችኝ አክስቴ። «እናትሽ ካረፈች ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ያንቺ ብቻ ነበር። ሮብ ገበያ ስትመደቢም ‘ቅርብ ነው፣ ቅርብ ነው’ እያለ ራሱን ሲያጽናና ነው የከረመው። አሁን መንገደኛ ባገኘ ቁጥር አሰላ ስንት ቀን ያስኬዳል እያለ ይጠይቃል።»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሲገባኝም አለቀስኩ። እኔ ሞኟ ሰውዬውን ላሳምር ማርቆስ ስመላለስ፣ እርስዎ የጠሉት ሰውዬውን ሳይሆን መንገዱን ነው። ያንን ሁሉ አንድምታ የደረደሩት እንቢ ማለት ስላቃተዎት፣ እሺ ማለትም ስላስፈራዎት ነው። ፊት ለፊት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? እኔም የእርስዎው ልጅ ነኝና ፊት ለፊት አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ስለ መንገዱ ልንገርዎ። አሰላ አልሄድም ብዬ አልምልልዎትም፤ አትማዪ ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። እናቱ እዚያ አሉ፤ አንድ ቀን ቢደክሙ አትሂድ አልለውም፤ እኔም እርስዎ ሲደክሙ አትሂጂ ቢለኝ አልወድም። ዛሬ ግን የሁለታችንም ሥራ እዚህ ነው። የነገውን ዛሬ ላይ ቆሜ ፎቶ አንስቼ ልልክልዎ አልችልም።

ከበሩ ጀርባ ዱቄት እየነፋሁ ጉባኤዎን ስሰማ እንዳደግሁ ያውቃሉ። «ይህች ወንድ ብትሆን መምህር ይወጣት ነበር» ሲሉ ሰምቼ ሳምንት ሙሉ ኮርቼ ነበር። ዛሬ ይፍቀዱልኝና እኔም አንድ ልተርጉም። ባለፈው ክረምት መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ አመጧት። ተስፋዓለም መንገድ ላይ አግኝቷቸው፣ ማንነቷን ሳይጠይቅ ከተሸካሚዎቹ ጋር ትከሻውን ሰጥቶ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ። ቃሬዛውን አስቀመጠ፤ ደሙን አየ፤ ከዚያ እንደቆመ ወደቀ። ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች፤ እሱን ግን ስኳር በውሃ በጥብጠን፣ ግንባሩን አርሰን፣ በስንት መከራ አስነሳነው። አንድም ደግ ነው። አንድም ፈሪ ነው። ሁለቱም ትርጓሜ ትክክል ነው፤ በሁለቱም ወድጄዋለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አራተኛ ፎቶ አለ። ተስፋዓለም የለበትም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ «ስጪኝ እስቲ፣ ዛሬ እኔ ላንሳሽ» ብሎ ካሜራዋን ተቀበለኝ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ እጄን ዘርግቼ ደረቅኩ። የሆነ ነገር አለኝ፤ ያለኝን አልነግርዎትም፤ በሳቅ ፈነዳሁ፤ ልክ ያን ጊዜ ቁልፉን ተጫነው። ፎቶው ትንሽ የደበዘዘው እሱም አብሮኝ እየሳቀ እጁ ስለተንቀሳቀሰ ነው።

እሱን በፎቶው ውስጥ አይፈልጉት። እኔን ይዩኝ። እማዬ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሆኜ አይተውኝ አያውቁም፤ እኔም በዚያች ትንሽ መስኮት ሳየው «ይህች ማን ናት?» ነው ያልኩት።

ሽማግሌዎቹ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሊመጡ ተዘጋጅተዋል። ያለ ምርቃትዎ አላገባም፤ ከእሱ ሌላም አላገባም። ይምጡ ካሉ ለአክስቴ ይንገሯት፤ አይምጡ ካሉ ደግሞ እኔው መጥቼ እስኪመርቁኝ እግርዎ ሥር እቀመጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ይህኛውን በጉባኤ አይዘርጉት። በሩን ዘግተው፣ ብቻዎን ይዩት።

የምትወድዎ ልጅዎ
ትንቢት አካለ ወልድ