የምዕራፍ ሰባት ደካማ ጎን

ኅዳር 12 ቀን 1982፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ገጽ 140 ላይ ነኝ። ሁለተኛው መጽሐፍ፣ ከሩሲያኛ የተተረጎመው። አንድ ዓረፍተ ነገር ዘጠኝ መስመር ሄደ። ግሡ ሲመጣ ባለቤቱ ማን እንደነበር ረስቻለሁ። ተመልሼ አነበብኩ። አሁንም ረሳሁ። ወይ ጣጣ!

ደብተሬ፣ ሦስት መጽሐፍ አሸክመውኛል። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች «የድርጅት ፋይናንስ መግቢያ» የሚሆነውን ለይቼ አስተያየት እንድጽፍ። የሚመርጠው ኮሚቴው ነው፤ እኔ ገምጋሚ ነኝ። በኮሌጁ ይህን ትምህርት የማስተምር እኔ ብቻ ስለሆንኩ እንጂ ለክብሬ አይደለም።

አንደኛው እንግሊዝኛ ነው። ወፍራም፣ ወረቀቱ የሚያምር። ምሳሌው ሁሉ ስለ ባቡር ኩባንያና ስለ ብረት ማቅለጫ። ላይብረሪ ያለው አሥራ አንድ ኮፒ፣ ተማሪው መቶ ሃያ። ያም ሆኖ ልጆቹ እንግሊዝኛውን ሲፈቱ ፋይናንሱ ያመልጣቸዋል። ሁለተኛው ይኸው ነው፦ ዕቅድ፣ የዕቅድ አፈጻጸም፣ ደግሞ ዕቅድ። ሰው ለምን ወለድ እንደሚከፍል እስካሁን አንድም ቦታ አልነገረኝም።

ሦስተኛውን አልከፈትኩም። ፈርቼ ነው። የጋሽ ታደለ ነው።

ኅዳር 15፣ ዓርብ

ከፈትኩት።

ጋሽ ታደለ መምህሬ ነበሩ። ለዚህ ሥራ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመታቸው። ላፍቶ፣ ከእኛ ከመካኒሳ አቦ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነበች ጋር ይኖራሉ። ይህን ረቂቅ በአሮጌ የጽሕፈት መኪና ሲጽፉ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። ካርቦን ከገበያ በጠፋበት ጊዜ የተመታ።

ባልወደውስ ብዬ ነበር የፈራሁት። ደግነቱ ወደድኩት። ምዕራፍ ሰባት ስደርስማ! ስለ አክሲዮን ነው። ሰባት የላፍቶ ገበሬዎች ወፍጮ ሊገዙ ያዋጣሉ። አንዱ እጥፍ አዋጣ። እህሉን ቀድሞ ያስፈጫል? አያስፈጭም፤ እጥፍ የሚያገኘው ትርፍ ሲከፈል ነው። አንዱ ሞተ። ወፍጮው ይቆማል? አይቆምም፤ ድርሻው ለልጁ ያልፋል። አንዱ ተጣላና ልውጣ አለ። ድንጋዩን ሰብሮ ድርሻውን ይውሰድ? ኧረ ምን በወጣው፣ ለሌላ ሰው ይሸጣል እንጂ።

በቃ። እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ ሴሚስተር የፈጀብኝ ነገር በአራት ገጽ አለቀ። ብቻዬን ሳቅኩ። ቀጥሎ ቀናሁ። እንዲህ አድርጌ አስተምሬ አላውቅም።

ኅዳር 18፣ ሰኞ

ቅጹን ሞላሁ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሁለት ዓምድ፦ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን። እንግሊዝኛው፣ ጠ/ጎን የተሟላ፤ ደ/ጎን ከተማሪው ኑሮ የራቀ። ትርጉሙ፣ ጠ/ጎን ኮፒው ሞልቷል፤ ደ/ጎን ስድስት መስመር (ራሴን ገትቼ)። የጋሽ ታደለ፣ ጠ/ጎን አንድ ገጽ ተኩል። ደ/ጎን ባዶ።

አስረከብኩ። አውቶቡስ አርባ ደቂቃ ቢያስጠብቀኝ እንኳ አልተናደድኩም።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ

ቅጹ ተመለሰልኝ! የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ መርዕድ አስጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። ደካማ ጎን የሌለው ሥራ የለም አለኝ። ባዶ መተው አድርባይነት ነው፤ ደግሞ አስተማሪሽ እንደነበሩ ሰው ያውቃል፤ ለሳቸውም ለአንቺም ጥሩ አይደለም። ሞልተሽ አምጪ።

እውነት ለመናገር ሁላችንም እንሞላለን። አምና በግምገማ ጊዜ ከሁላችን ቀድማ የምትገባውን ጽዳት ሠራተኛ «ተነሳሽነት ይቀራታል» ብለን ጻፍንባት። ስለ ዘበኛው ደግሞ «ሲስቅ ድምፁ ይበዛል»። ማንም አያነበው፣ ማንም አይጎዳ። እንደ ፊርማ ነው።

ኅዳር 21፣ ሐሙስ፣ ቢሮ

ምን ልጻፍ? የትየባ ግድፈት ብል ቀልድ ይመስላል። «የመደብ ይዘት ይጎድለዋል» ብል ሽማግሌውን ለጅብ መስጠት ነው።

አሰብኩ አሰብኩና መላ መጣልኝ። ምዕራፍ ሰባትን መቼም አያሳልፉትም። አክሲዮን፣ በዚህ ዘመን! እንግዲያው ሰበቡን እኔው ብሰጣቸው እሱን አውጥተው የቀረውን ያጸድቁታል። ጻፍኩ፦ «ምዕራፍ ሰባት አገላለጹ የተወሳሰበ ስለሆነ ለጀማሪ ተማሪ አይገባም።»

ፖለቲካ የለበትም። ለማንም አይተርፍ። ብልጥ ነኝ፣ ደብተሬ።

ታኅሣሥ 3፣ ማክሰኞ

ወደቀ። ሙሉ መጽሐፉ።

ጓድ መርዕድ ገጽ ተኩሉን ምስጋና ዘለለና ያቺን አንድ መስመር ጮክ ብሎ አነበበ። ለጀማሪ የተጻፈ መጽሐፍ ለጀማሪ ካልገባ ምን ሊሠራ ነው አለ። ወደ እኔ ዞረ። ይህ የራስሽ የሙያ አስተያየት ነው ወይ? ስድስት ሰው አፍጥጦ ያየኛል። አይደለም፣ ዓምዱ ባዶ እንዳይሆን የሞላሁት ነው ልል አፌን ከፈትኩ።

አዎ አልኩ።

ትርጉሙ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ገምጋሚም ድምፅ ይስጥ ተባለና እኔም እጄን አውጥቻለሁ። እጄን አውጥቻለሁ እኮ!

ታኅሣሥ 10፣ ማክሰኞ

የባሰ አታምጣ ማለት ይሄኔ ነው። ረቂቁ ለጋሽ ታደለ በፖስተኛ ተመልሷል። ከአስተያየቱ ግልባጭ ጋር። ከነስሜ። ደንቡ ነው አለችኝ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ፤ ለደራሲው ይላካል። አላውቅም ነበር። ስድስት ዓመት ስሠራ አላውቅም ነበር።

ዛሬውኑ ላፍቶ መሄድ አለብኝ። ፈተና የማርመው አለ። ነገ።

ታኅሣሥ 22፣ እሁድ

አልሄድኩም። ጉንፋን ይዞኛል። እሺ፣ ጉንፋኑ አምስት ቀን ሆነው ከለቀቀኝ። አልዋሽህም።

ጥር 5፣ ቅዳሜ

የወሩ አቦ ነው። ተሳልሜ ስወጣ እትዬ ዘነበችን ፊት ለፊት ገጠምኳቸው። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። አመሰገኑኝ ደብተሬ! ያንቺ ወረቀት ከመጣ ወዲህ ታደለ በጠዋት ተነስቶ ይጽፋል አሉ። ሌላው ሁሉ አሞግሶ ይሸኘኛል፣ ጉድለቴን አይታ የነገረችኝ ወይንሸት ብቻ ናት ይላል አሉ። ያቺን ምዕራፍ ካላስተካከልኩ አልሞትም ብሏል አሉና ሳቁ።

እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቆሜ፣ ጥርሴን አሳይቼ። ያኔ እዚያው ብናገር ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ነው፦ ውሸቴን ነው። ሰላም በሉልኝ ብዬ ሄድኩ።

የካቲት 27፣ ማክሰኞ

ትናንት በራዲዮ ተነገረ። ቅይጥ ኢኮኖሚ። የግል ባለሀብት፣ አክሲዮን፣ ሁሉም ሊፈቀድ ነው። ዛሬ ቢሮው ሁሉ ሹክሹክታ። ገሚሱ አያምንም፤ ገሚሱ ከትናንት ወዲያ ሲያወግዝ የነበረውን ረስቶ ስለ ንግድ ፈቃድ ያወራል።

ከሰዓት ጓድ መርዕድ ጠራኝ። ያ ትርጉም ስለ አክሲዮን አንድም ነገር የለውም አለ። ምን ልበለው? አውቃለሁ አልኩ። ያ የጡረተኛው ረቂቅ ምዕራፍ ነበረው አይደል አለ፤ አገላለጹ ትንሽ ቢከብድም ምንም ከሌለ ይሻላል፤ ሂጂና አምጪልን። አገላለጹ ቢከብድም! የራሴን መስመር መልሶ ለእኔው። ግን ደብተሬ፣ ደስ አለኝ። ነገሩ በራሱ የተስተካከለ መሰለኝ። መጽሐፉ ሊታተም ነው፣ እኔም ምንም ሳልናገር ልተርፍ ነው።

መጋቢት 1፣ ቅዳሜ

ላፍቶ ሄድኩ። ጋሽ ታደለ ጓሮ ጎመን ይኮተኩታሉ። ከስተዋል። ምነው እንዲህ ጠፋሽ ብለው ወቀሱኝ እንጂ ስለ ወረቀቱ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ኮሚቴው ሐሳቡን ቀይሯል፣ በተለይ ምዕራፍ ሰባትን ይፈልጋል አልኳቸው። መኮትኮቻውን አስቀመጡ። እጃቸውን ታጥበው ረቂቁን አመጡልኝ።

ከምዕራፍ ስድስት ወደ ስምንት ይዘላል።

አራት ጊዜ እንደገና ጽፈውታል። ወፍጮው የልጅ ጨዋታ ሆኖ ይሆናል ብለው አወጡት። በእንግሊዝኛው ዓይነት ሞከሩት፣ ደረቀባቸው። በቀመር ሞከሩት። በመጨረሻ ዕድሜ ነው፣ ማስረዳት ከእጄ ወጥቷል ብለው ቀደዱት። አዲሱንም፣ የፊተኛውንም። ዘነበች ተው ብትለኝም አልሰማኋትም አሉኝ፤ ያልበሰለ ነገር ትቶ ማለፍ ነውር ነው። ያለ እሱ ይታተም።

እንዴት ቀደዱት አልኩ። ድምፄ ሲወጣ ቁጣ ሆኖ ወጣ። ምን አስቆጣኝ? እሳቸው ግን በእርጋታ፣ «አንቺ ካልገባሽ ለማን ይገባል ብዬ ነዋ» አሉ።

ሻይ ቀረበ። እውነቱ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል። ከሻዩ ጋር ዋጥኩት። ረቂቁን ይዤ ወጣሁ።

መጋቢት 3፣ ሰኞ

ከትዝታዬ ልጽፈው ሞከርኩ። ሰባቱ ገበሬዎች አሉ፤ የሞተው፣ የተጣላው። ነገሩ ሁሉ አለ። ወጉ ግን የለም። እኔ ስጽፈው የመ/ቤት ደብዳቤ ይሆናል። ሦስት ወረቀት አበላሽቼ ተውኩት። አሥራ አንድ ዓመት የጻፈን ሰው በአንዲት መስመር እጁን አሰርኩት። ማንም አያነበው ብዬ። እሳቸው እኮ በሕይወታቸው ያነበቡትን ሁሉ ከልባቸው የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ እያወቅኩ!

መጋቢት 5፣ ረቡዕ

የአቦ ዓመት በዓል። መንገዱ በሰው ተጨናንቆ ወንዙ ድረስ በግፊያ ሄድኩ። ሐሳቤን እንዳልለውጥ እየተገፋሁ መሄዴ ጠቀመኝ።

ነገርኳቸው። ቁጭ ሳልል። ዓምዱ ባዶ ስለነበር ነው አልኩ፤ ሞልተሽ አምጪ ብለውኝ ነው፤ ምዕራፏን ይጥሉና ሌላውን ያሳልፋሉ ብዬ ነው፤ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው እሷን ነበር። ስብሰባው ላይም ሲጠይቁኝ አዎ ያልኩት እኔ ነኝ። እትዬ ዘነበች ማዕድ ቤት በር ላይ ቆመው ቀሩ።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ቢቆጡ ደስ ባለኝ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ፣ አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦

«ታዲያ ያሞገስሽኝስ? ያንንም ለመሙላት ነው?»

አይደለም አልኩ። እውነት ነው፣ እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። በዛሬዋ ቀን ማልኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ልጄ አሉኝ፤ ሰውን በደህና ለመሸኘት የሚባለውን እሺ። በዓል ስለሆነ ብይ አሉኝ። ሳልበላ ወጣሁ።

ገጽ ተኩል ጽፌላቸው ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አንዱንም አያምኑትም።

መጋቢት 6፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ብምል አያምኑኝ፣ ባለቅስ አያምኑኝ። የዋሸ አፍ መልሶ ሲያሞግስ ማን ያምናል? እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን አላምንም።

አንድ ነገር አለ። ላንተም አልነገርኩህም ደብተሬ። ኅዳር ላይ የመጽሐፉን መልመጃ በሙሉ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ምዕራፍ ሦስት ላይ የወለድ ወለድ ስሌቱ ስህተት ነው። የሦስተኛውን ዓመት ወለድ በመነሻው ገንዘብ ላይ ብቻ አስልተውታል። ተከትለው የመጡት አራት ሠንጠረዦችም አብረው ተሳስተዋል። እውነተኛው ደካማ ጎን ያ ነበር። ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው። መምህሬን ማረም ድፍረት መሰለኝና ዘለልኩት። ያለውን ስህተት በአክብሮት ደብቄ የሌለውን ጻፍኩባቸው።

ዛሬ ሥራ ሳልገባ እሄዳለሁ። ስሌቱን በወረቀት ይዣለሁ። ይቆጡ፣ ይከራከሩ፣ እርሳስ አምጪ ይበሉኝ። በመጀመሪያ ምዕራፍ ሦስት ተሳስተዋል እላቸዋለሁ። እሱን ካመኑኝ፣ ስለ ምዕራፍ ሰባት የምላቸውንም ምናልባት ያምኑኛል።